ኮርሳዬን አህያ የተሸከመችልኝ ቀን

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ገና አስፋልት ሳያውቅ፣ ጠጠርና አቧራ ብቻ ሆኖ ሳለ ነው። ወሩ ግን ታኅሣሥ ነበር፤ የገና ጾም ነበርና። ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ተከምሮ ነበር። ይህን ያህል ካወቅሁ ይበቃኛል። ከዚህ በላይ ጭንቅላቴን ባስጨንቀው ያልነበረውን ፈጥሮ እንዳይነግረኝ እፈራለሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ዳዊት ነው። ዳዊት እዚህ ደብረ ታቦር በጓሮዬ ያለችውን ክፍል የተከራየኝ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ አገሩ ሐዋሳ፣ ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ። ባለፈው ሰሞን ከሥራ ሲመለስ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅሁ አገኘኝና በርጩማ ስቦ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«አባባ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በብስክሌት ልንወጣ ነው። ከዚህ ወረታ፣ ከወረታ ጎንደር፣ ከዚያ ተመልሰን እዚሁ። አንድ ነገር ላማክርዎ።»

«ምን ልጄ?»

ስልኩን አውጥቶ የሁለት ብስክሌት ፎቶ አሳየኝ። «ይቺ ጎማዋ ቀጭን ነው፤ ቀላል ናት፣ ትበራለች። ይቺ ደግሞ ጎማዋ ወፍራም፣ እሷም ከባድ። የትኛዋን ልያዝ? በቀንስ ምን ያህል ብንጓዝ ይሻላል? ሰፈሩ ሁሉ እሳቸውን ጠይቅ፣ የብስክሌት መንገድ ያውቃሉ አለኝ።»

ሰፈሩ ሁሉ! ማን ማን እንደላከው ገባኝ። ባለቤቴ ከውስጥ ምስር እየለቀመች ሰምታ ኖሮ፣ «ስለ ሽንኩርቱም ጠይቃቸው እንጂ!» ብላ ሳቀች። ጆሮዬ ጋለ። ሰው ሲያረጅ ማፈር ይተወዋል ይላሉ፤ ውሸት ነው። ጉልበቱ፣ ጥርሱ፣ ዓይኑ ይሄዳል፤ እፍረቱ ግን እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

ለዳዊት ያን ቀን አልመለስሁለትም። «ላስብበት» አልሁት። አሁን የምጽፈው ያሰብሁትን ነው።

ያን ጊዜ ከወረታ አለፍ ብላ ባለችው ይፋግ ነበርሁ። ትምህርቱን ሦስተኛ ክፍል ላይ ትቼ፣ አንድ የእህል ነጋዴ ዘንድ ጆንያ ስጭንና ሳራግፍ እውል ነበር። ጉልበት ነበረኝ። ጉልበት ያለው ጎረምሳ ደግሞ ጉልበቱን ሰው እንዲያይለት ይፈልጋል፤ በሽታው ይህ ነው።

አንድ ቀን ከደብረ ታቦር የመጣ ሰው የአስማረን መልእክት አደረሰኝ። አስማረ አብሮ አደጌ ነው። ነገር ግን የእሱ አባት አያ ተገኘና የእኔ አባት ደሴ ጋፋት ግርጌ ባለች ቁራጭ መሬት ድንበር ተጣልተው፣ ለስንት ዘመን አይነጋገሩም ነበር። አንዱ በደረሰበት ለቅሶ ሌላው አይቀመጥም። እኔና አስማረ እንኳ የምንገናኘው እንደ ሌባ ተደብቀን ነበር። አሁን አስማረ የበኩር ልጁን ወልዷል፤ ወንድ ነው። መልእክቱም እንዲህ ይላል፦ «የልጄ ክርስትና አባት አንተ ነህ። አባቴን በስንት ልመና እሺ አሰኝቼዋለሁ። አርባው ሲሞላ ሳትቀር ና። ከቀረህ ግን ‘ድሮም ንቀውናል’ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ እኔም አፌን አልከፍትም።»

በእኛ አገር አበልጅ መሆን እንዲህ የዋዛ ነገር አይደለም። ክርስትና ያነሣ ሰው ከልጁ ወላጆች ጋር ዘመድ ነው። በአበልጅ ላይ በትር አይነሣም። ሽማግሌ የደከመበትን ጠብ አንድ የአርባ ቀን ሕፃን ሲያበርደው አይቻለሁ። አርባው ቀን ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ቄሱ ሕፃኑን ወደ ውሃው ሲያቀርቡ ያልተገኘ ሰው፣ ከሰዓት በኋላ ቢደርስ የድግስ እንግዳ ነው እንጂ ክርስትና አባት አይደለም።

እንግዲህ አውቶቡስ አልነበረም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረ። ጠዋት ወረታ ላይ የሚጠብቅ፣ ተጋፍቶም ቢሆን የሚሳፈሩበት አውቶቡስ ነበረ። እኔ ግን በብስክሌት ልሄድ ቆረጥሁ። አያ ተገኘ በር ላይ ቆመው፣ የደሴ ልጅ በቀይ የእሽቅድምድም ብስክሌት፣ በኮርሳ፣ እየበረረ ሲመጣ እንዲያዩ ፈለግሁ። «የናቃችሁት ቤት ልጅ ይህን አከለ» ማለቴ ነበር መሰለኝ። ለዕርቅ እየሄድሁ የያዝሁት ሐሳብ ይህ ነበር።

ደግሞም መንገዱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ከዓመት በፊት ከደብረ ታቦር ወደ ይፋግ ስወርድ በሰው ብስክሌት ነበር የመጣሁት። ቁርሴን እናቴ ቤት በልቼ ለምሳ ይፋግ ደረስሁ። ከዚያ ወዲያ «ግማሽ ቀን ናት!» እያልሁ ስፎክር ከረምሁ። ደብረ ታቦር የተወለደ ሰው ይህ ስሕተት አይጠፋውም። ወደ ጉና ካልዞረ በቀር ከደጁ ሲወጣ መንገዱ ሁሉ ቁልቁል ይታዘዝለታል። ስለዚህ ጉልበቱን በመውረጃው ይለካል። መመለሻውን የሚያስበው ሲመለስ ነው።

ይፋግ ውስጥ ብስክሌት የሚያከራዩት ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ፣ እጃቸው ከግራሶ የማይጠራ፣ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። ለሩቅ መንገድ የሚሆኑ ሁለት ብስክሌቶች አሏቸው። አንደኛው ጥቁር የቻይና ብስክሌት ነው፤ ወፍራም ጎማ፣ ከኋላው የዕቃ መጫኛ ብረት፣ ሰፊ የቆዳ ኮርቻ ያለው። እንደ በሬ የተረጋጋ ነገር ነው። ሁለተኛዋ ቀይዋ ኮርሳ ናት፤ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠቀለለ፣ ጎማዋ ከጣት የማይሰፋ የእሽቅድምድም ብስክሌት።

«ወዴት ነው?» አሉኝ።

«ደብረ ታቦር።»

«እንግዲያው ጥቁሩን ውሰድ።»

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይሄንማ ሽማግሌም ይነዳዋል።»

«ሽማግሌ ስለሚነዳው እኮ ነው የሚደርሰው» አሉና የኮርሳዋን ማርሽ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ይቺ ማርሿ የከበደው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፤ አይለወጥም። ሜዳ ላይ አንተ ትጋልባታለህ። ዳገት ላይ እሷ ትጋልብሃለች።»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። መለዋወጫ ካላማዳሪያና የጎማ መንፊያ አውጥተው ሲሰጡኝ፣ መንፊያውን «ይከብደኛል» ብዬ መለስሁላቸው። ያን የመሰለ ሞኝነት ዛሬም ሳስበው እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ።

በዋዜማው ጎሕ ሲቀድ መነሣት ነበረብኝ። ረፋድ ላይ ተነሣሁ። ለምን ቢሉ፣ የገበያው ሰው ሳይሰበሰብ ብሄድ ማን ያየኛል? እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝን አዲስ ጋቢ ጀርባዬ ላይ አስሬ፣ ለሕፃኑ የገዛሁትን የሐር ማተብ በኪሴ ይዤ፣ ስንቅ ሳልቋጥር ወጣሁ። ምሳዬን አስማረ ቤት ልበላ!

የፎገራ ሜዳ በታኅሣሥ ምን ያህል ያምራል! ሰማዩ የታጠበ፣ ነፋሱ የጭድ ሽታ ያለው፣ ከብቱ ጥጋብ ይዞት መንገድ ላይ የሚተኛበት ጊዜ ነው። ኮርሳዋም እውነትም በረረች። የርብን ወንዝ ድልድይ አልፌ ትንሽ እንደሄድሁ ከፊቴ ሁለት ሽንኩርት የተጫኑ አህዮችና ከኋላቸው አንዲት ሴት አየሁ። እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው በረጅም አርጩሜ ይነዳሉ። መንገዱ ሰፊ ነበር፤ በዳር ማለፍ እችል ነበር። እኔ ግን መሐሉን ይዤ ደወሌን አንጫረርሁት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዞር በይ!»

አህዮቹ በረገጉ። አንደኛዋ ወደ ቦዩ ዘላ በጉልበቷ ተደፋች፣ ጆንያው ተቀደደ፣ ሽንኩርቱ ጠጠሩ ላይ እንደ ቆሎ ተበተነ። ወደኋላ ዞሬ አየሁ። ሴትየዋ አልጮሁም፣ አልተራገሙም። አርጩሜያቸውን መሬት ላይ ተክለው ያዩኛል። ልቁም ወይስ ልሂድ የምልበት አንድ አፍታ ነበረች። ብቆም ፍጥነቴ ይሰበራል ብዬ ሄድሁ።

ወረታ ላይ ሻይ ጠጣሁ። አንድ ብርጭቆ ሻይ ለመጠጣት ይህን ያህል የተቀመጠ ሰው ያለ አይመስለኝም። ኮርሳዋን በር ላይ አስደግፌ፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ «ወዴት ነው ጎበዝ?» እንዲለኝ እጠብቃለሁ። «ደብረ ታቦር!» ስል ይስቃሉ። እኔ ሳቁን አድናቆት አድርጌ ቆጠርሁት። አንዱ የጭነት ሠራተኛ ብቻ፣ «በዚች ቀጭን? ተሸክመሃት ነው ወይስ ተሸክማህ?» አለኝ። ምቀኛ ነው አልሁ።

ከወረታ ሲወጣ መንገዱ መጀመሪያ ሰውን ያታልላል። ቀስ እያለ ነው ሽቅብ የሚለው፤ ሜዳ እየመሰለ ጉልበት ይበላል። አለምበር ስደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። እዚያ ቆሜ እፍኝ ቆሎ ብበላ ምን ነበረበት? «ደክሞታል» እንዳይለኝ አንድ የማላውቀውን ሰው ፈርቼ በፍጥነት አለፍሁ። ከዚያ በኋላ ዳገቱ እውነተኛ ፊቱን አሳየኝ። ማርሹ የከበደው ላይ ነው፤ ቁጭ ብዬ ልረግጥ ብል ፔዳሉ አይንቀሳቀስም፣ ቆሜ ብረግጥ ቀጭኑ ጎማ በጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል። እስከ መጣመሚያው እደርሳለሁ፣ እወድቃለሁ፤ እስከሚቀጥለው ግራር እገፋለሁ፣ እቀመጣለሁ። ጆሮዬ ውስጥ ወፍጮ ይፈጫል። ከዚያ አንድ ስለታም ጠጠር የኋላውን ጎማ በሳው፤ ፊሽ ብሎ ሲተነፍስ ድምፁ ዛሬም ይሰማኛል። ካላማዳሪያ አለኝ። መንፊያው ግን ይፋግ ጋሽ እንድሪስ ሱቅ ነው።

ኮርሳዋን ገደሉ ዳር ጥዬ ተዘረርሁ። የዋሻ አፍ የመሰለ ረኃብ ሆዴ ውስጥ ተከፍቷል። አውቶቡሱ ጠዋት አልፏል። ፀሐዩ ወደ ጣና እያዘቀዘቀ ነው። ከላይ እስከ ደብረ ታቦር ያለው ዳገት ግማሹም አልተነካ። የነገው ሕፃን በዓይኔ መጣ፤ አያ ተገኘም «አላልሁህም?» እያሉ አስማረን ሲያዩት መጡብኝ። ብቻዬን እያለሁ እንባዬ ወረደ።

ኮቴ የሰማሁት ያኔ ነው። ቀና ብል ሁለቱ አህዮች ናቸው። አንደኛዋ ታነክሳለች፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ጭነት ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ፣ የተቀደደውን ጆንያ ሽንኩርት፣ ሴትየዋ በነጠላቸው ቋጥረው በጀርባቸው አዝለውታል። ከርብ ጀምሮ! ፊቴን ወደ ቁጥቋጦው አዞርሁ። ቀይ ብስክሌት አጠገቡ አስተኝቶ ፊቱን የሚደብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«አንተ ልጅ፣» አሉ፣ «ፈረስህ ታመመ?»

«ጎማው ነው… እመት… ይቅር ይበሉኝ።»

«ጠዋት አንቺ፣ ማታ እመት! ዳገቱ ጨዋ አደረገህ።»

አንገቴን ደፋሁ። ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አሳረፉና ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ። ከዚያ «ምን በልተሃል?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ስንቅህስ?»

«ምሳዬን ደብረ ታቦር ልበላ ነበር።»

ይሄኔ ሳቁ። ክፋት የሌለበት፣ ግን ከአጥንት የሚገባ ሳቅ ነበር። ከጉያቸው ትንሽ የቆዳ ስልቻ አውጥተው በሶ በመዳፋቸው ላይ አፈሰሱ፣ ከቅል ውሃ ጠብ አድርገው፣ ጨው ነስንሰው አሹትና ጭብጦ አድርገው ሰጡኝ። በዚህ ዕድሜዬ ስንት ሠርግ፣ ስንት ድግስ በልቻለሁ፤ የተቆላውን ገብስ፣ የጨውን ጣዕም እንደዚያ ያወቅሁበት ምግብ የለም። እየጎረስሁ አፍር ነበር፣ እያፈርሁ እጎርስ ነበር።

«ነገ ደብረ ታቦር ምን አለህ?» አሉኝ። ነገርኋቸው። አስማረን፣ ክርስትናውን፣ የአባቶቻችንን ጠብ ሁሉ።

«የደሴ ልጅ ነህ? ከአያ ተገኘ ጋር በድንበር የተጣላው?»

«ያውቁታል?»

«ለሽንኩርት ገዢ እኔ ሽንኩርት እመርቃለሁ፤ እነሱ ለእኔ ወሬ ይመርቁልኛል። የማላውቀው ጠብ የለም።» ተነሡና ኮርሳዋን በአንድ እጃቸው አነሷት። «ላባ ናት። ይኸውልህ፣ አህያዬ ያነከሰችው ባንተ ነው። አንተ የእሷን ጭነት ያዝ፤ እሷ ያንተን ላባ ትያዝልህ። ነገ ረፋድ ላይ አብረን እንገባለን።»

የነጠላቸው ጫፍ በሽንኩርቱ ክብደት ተተርትሮ ነበር። ማንም ሳያዘኝ አዲሱን ጋቢዬን ፈትቼ መሬት ላይ ዘረጋሁት። ሽንኩርቱን ገለበጥንበት፣ አራቱን ጫፍ ቋጠርሁ፣ አዘልሁት። ኮርሳዋ አህያዋ ላይ ታሰረች፤ የፊት ጎማዋ ወደ ሰማይ ሆኖ፣ አህያዋ በተራመደች ቁጥር ቀስ እያለ ይዞራል። ከኋላዋ እኔ፣ ከእኔ ኋላ እሳቸው።

ሸክሙን የለመድሁት ሥራ ነውና ትንሽ እንደሄድን ጉልበቴን ላሳይ ፈለግሁ፤ እግሬን አስረዘምሁ።

«ቀስ!» አሉኝ። «እየተናገርህ ውጣ። አባትህ ደሴ ነው። የደሴ አባት?»

«እንግዳው።»

«የእንግዳው?»

«ወን… ወንዴ…»

«ቁም! ሦስተኛው ቤት ላይ ትንፋሽህ ተቆረጠ። ፈጥነሃል። ሰባት ቤት ሳትቆረጥ መቁጠር የምትችልበት እርምጃ ነው የዳገት እርምጃ። ከዚያ የፈጠነ ዘመዶቹን ጥሎ ይሄዳል፤ ኋላ እነሱው መጥተው ያነሡታል።»

እኛ ዘንድ ትውልድ የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው፤ ሰባት ቤት ሳይርቅ አይጋቡም። እሳቸው ግን የዳገት መለኪያ አደረጉት። በአባቴ በኩል ሰባት ቤት ቆጠርሁ፣ በእናቴ በኩል ቆጠርሁ፤ አንደኛው ስም ላይ ሲያንቀኝ እርምጃዬን አሳጥራለሁ። ሲመሽ አንዲት ዘመዳቸው ቤት አደርን። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን እንደገና ከአባቴ ጀመርሁ። አለመቆም የሚባለውን ነገር ያን ጠዋት ነው ያየሁት። ማንም አልሮጠም፣ ማንም አልተቀመጠም፤ ሜዳውም ቀስ እያለ ከእግራችን በታች ወረደ።

መንገደኛ በበዛ ቁጥር ግን እፍረቴ በዛ። የሚወርዱ ሁሉ አህያዋን ያያሉ፣ ኮርሳዋን ያያሉ፣ እኔን ያያሉ። «ጎበዝ፣ ተራ ትለዋወጣላችሁ እንዴ?» አለኝ አንዱ። ከኋላዬ እመት፣ «አዎ፣ የጠዋቱ ተራ የእሱ ነው!» ብለው መለሱልኝ።

ፀሐዩ ከፍ ሲል የሰፈራችን ደብር ጽዶች ከመንገዱ በላይ ታዩ። በጾም ቅዳሴው ቀትር ላይ ስለሚገባ፣ ክርስትናው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ደወል ተደወለ።

«እመት፣ ሽንኩርቱን እዚህ ላስቀምጥና ልሩጥ! ጀመሩ እኮ!»

«ሮጠህ ብትደርስ ትንፋሽ የለህም። ሕፃኑ አፍ የለው፤ ቄሱ ሲጠይቁ ማን ሊመልስለት ነው?»

ቆም አልሁ። እውነት ነው። ክርስትና አባት የሚጠራው ለመታቀፍ ብቻ አይደለም። ሕፃኑን ይዞ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን የሚክደው፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አምናለሁ የሚለው እሱ ነው። የሕፃኑ አንደበት ነው። ስለዚህ ያችን የመጨረሻዋን አቀበት፣ ልቤ ቀድሞኝ እየሄደ፣ እግሬ ከአህያዋ ሳይቀድም፣ ደሴ፣ እንግዳው፣ ወንዴ እያልሁ ወጣኋት።

ደጀ ሰላሙ ላይ ሰው ተሰብስቧል። የአስማረ ሚስት ሕፃኑን ታቅፋ ቆማለች። የአስማረ አጎት በእኔ ፋንታ ሊቀበል ነጠላውን አስተካክሎ ክንዱን ዘርግቷል። አያ ተገኘ ፊታቸውን እንደ ድንጋይ አጥቁረው በትራቸውን ተደግፈዋል። አስማረ ብቻ ነበር መንገድ መንገዱን የሚያይ። ያየውም ይህን ነው፦ ኮርሳ የተጫነች አህያ፣ ከኋላዋ በጋቢ ሽንኩርት ያዘለ አቧራ የጠጣ ጎረምሳ።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምድር ብትከፈት እገባ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ አያ ተገኘ። «ክርስትና አባት ነው ወይስ የሽንኩርት ነጋዴ?»

እመት ናቸው የመለሱ። «የወደቀ ልጅ ነው አያ። ግን በክርስትናው ቀን አልቀርም ብሎ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ የመጣ ነው።» ርብ ላይ ያደረግሁትን አንዲት ቃል አልነገሩም።

ቸኩዬ ሽንኩርቱን ወደ ነጠላቸው መለስሁ፣ ጋቢዬን አራግፌ ለበስሁ፤ ሕፃኑን ተቀበልሁ። እንግዲህ አስቡት፣ ሌሊቱን ሽንኩርት ያደረበት ጋቢ ነው። ሕፃኑ አፍንጫውን ጨማደደና አነጠሰ። እንደገና አነጠሰ። ሦስተኛውን ሲያነጥስ የአስማረ እናት ሳቀች፤ ከዚያ አጎትየው፤ ከዚያ ቄሱ እንኳ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አያ ተገኘ ከሁሉ ዘግይተው ሳቁ። ሲስቁም ትልቅ ሳቅ ነበር የሳቁት፤ ለስንት ዘመን የተጠራቀመ ይመስላል።

«እኔ ንቆን ነው የቀረ ብዬ ነበር» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «የናቀ ሰውማ እንዲህ ሆኖ አይመጣም። በል ግባ!»

ቄሱ ወደ ምዕራብ ሲያዞሩኝ «እክሕደከ ሰይጣን» የሚለው ቃል ሳይቆራረጥ፣ ሳይንቀጠቀጥ ወጣልኝ። ትንፋሼ ሙሉ ነበር። በቀይ ኮርሳዬ እየበረርሁ ብደርስ ኖሮ፣ እንዳሰብሁት በሩ ላይ ደወል አንጫርሬ ብቆም ኖሮ፣ አያ ተገኘ ምን ይሉ ነበር እያልሁ ስንት ጊዜ አስቤያለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ባለው ፋሲካ አባቴ እሳቸው ቤት ገባ። ድንበሯም ባለችበት ቀረች፤ ማንም ስለ እሷ አልተናገረም።

ከክርስትናው ስወጣ እመት የሉም። ኮርሳዋ ደጀ ሰላሙ ግንብ ላይ ተደግፋ ቆማለች፤ አህዮቹ ወደ ገበያው ሄደዋል። ስማቸውን የጠየቅኋቸው ሽንኩርቱን ስመልስላቸው ነው፤ በዚያ ሁሉ መንገድ የእኔን ሰባት ቤት ሲሰሙ እኔ የእሳቸውን አንድ ስም አልጠየቅሁም ነበር። ነገሩኝና ኮርሳዋን ሊያወርዱ ወደ አህያዋ ዞሩ።

በኋላ ደብረ ታቦር ተመልሼ ስኖር ወደ ሽንኩርት ተራ በሚያስኬደው መንገድ ለብዙ ጊዜ አልሄድሁም። ባለቤቴ ናት የምትገዛ። አህያዋ ድና ይሆን ወይስ እንዳነከሰች ቀርታ ይሆን፣ ማየት ፈራሁ። ልቤ በርትቶ የሄድሁ ቀን ስለ እመት ብጠይቅ፣ ነጋዴዎቹ «እሷማ መምጣት ትታለች» አሉኝ። ክርስትና ልጄ ዛሬ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው። በመጣ ቁጥር አፍንጫውን በነጠላ ይዞ ነው የሚገባ፤ ሰፈሩ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ሰው የሚስቅበት እፍረት ቀላሉ ነው። እኔን እንቅልፍ የምትነሣኝ ያች፣ ከርብ ጀምሮ በነጠላ የታዘለችው ሽንኩርት ናት።

ትናንት ዳዊትን ጠራሁትና መለስሁለት። «ብስክሌቷን ስትመርጥ ለመውረጃው አትምረጥ። እዚህ ቤት ደጅ ላይ ቆመህ የምታየው መንገድ ሁሉ ወዳጅህ ይመስልሃል። ለመመለሻው ምረጥ፤ ወፍራሟን ያዝ። መንፊያ አትርሳ። ስንቅ ያዝ፤ በሶ እኛ እናዘጋጅልሃለን። በቀን ይህን ያህል ብለህ አትቁጠር። ከጓደኞችህ ጋር እያወራህ ውጣ፤ ወሬህ ሲቆረጥ ፈጥነሃል ማለት ነው። መንገድ ላይ አህያ ካየህ ደግሞ ደወልህን ተውና ውረድ።»

«ውረድ?»

«ውረድና እለፍ። ሰላምታም ስጥ።»

ቀጥዬ ይህን ሁሉ ነገርሁት። ባለቤቴ ምስሯን ትታ መጥታ ሰማች፤ የርቡን ነገር እሷም እንዲህ አድርጌ ስነግረው ሰምታው አታውቅም ነበር፤ አልሳቀችም። ዳዊት ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ሴትየዋ ማን ይባሉ ነበር አባባ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ሽንኩርቱ ነው።

አንጓች ይባሉ ነበር። እመት አንጓች።